የቦኖው ሥር ደርቆ ነበር

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ያኔ በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት ኦፊሰር ነበርኩ። በጀታችን የሚመጣው አንድ የአውሮፓ መንግሥት ለአየር ንብረት ለውጥ ከሚመድበው ገንዘብ ነው። ከዚያው አገር ምክር ቤት ሦስት እንግዶች ሥራችንን ሊያዩ መጡና ወደ ዋግ ኽምራ ይዣቸው ወጣሁ። አስተርጓሚውም እኔው ነበርኩ።

መኪና ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ነገሩ ብዙም አልተዋጠላቸውም። "በመረጠኝ ሕዝብ አካባቢ ክሊኒክ እየተዘጋ ነው። ሰዉ ታክሳችን የት ነው የሚሄደው ይለኛል። ምን ልበለው?" አሉኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ይህ ምጽዋት አይደለም አልኳቸው። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ድርቁን ቀድመን የምንቀምሰው ግን እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ሀብታም አገሮች በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ወደ ማቅረብ ለመድረስ ቃል መግባታቸውን ነገርኳቸው። አፍሪካን ወክለው የተደራደሩት የኛው መለስ ዜናዊ እንደነበሩም ጨመርኩ። ሰውዬው ዝም ብለው አዳመጡኝ። ዛሬም ቢሆን ያን ቀን ካልኩት አንድም ቃል አልሰርዝም።

የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው።

የምናሳያቸው የሶላር ፓምፕ ነበር። ከጉድጓድ ውሃ ስቦ ኮረብታው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገፋል። ከዚያ ወደ ሦስት ቦኖዎች ይወርዳል። ግን የፀሐይ ኃይሉን ለፓምፑ እንዲመች አድርጎ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ኢንቨርተሩ፣ ከተቃጠለ አምስት ወር አልፎት ነበር። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፎልናል። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። የግንባታው በጀት አልቋል፤ ለጥገና ደግሞ ከመጀመሪያውም አንድ ብር አልተያዘም። ለለጋሹ በላክነው ሪፖርት ላይ ግን "አገልግሎት እየሰጠ ነው" ብለናል። ጉብኝቱ ሲቃረብ አለቃዬ ማጠራቀሚያው በቦቴ እንዲሞላ አዘዘ። የክፍያ ማዘዣው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ስንደርስ ሴቶቹ ተሰልፈው ጠበቁን። ቧንቧው ተከፈተ። ውሃው ተንዠቀዠቀ። ፎቶ ተነሳ። አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካናቸውን እየሞሉ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ እንግዶቹ ነገም ይመጣሉ?"

"ምነው እናቴ?"

"እነሱ ሲመጡ ነዋ ውሃው የመጣው።"

ሰውዬው "ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። "ደስ ብሏቸዋል" አልኩ።

ምንም አልመለሱልኝም። ጎንበስ ብለው የቦኖውን ሥር ማየት ጀመሩ። የገበሬ ልጅ መሆናቸውን መንገድ ላይ አጫውተውኛል። ውሃ በየቀኑ የሚቀዳበት ቦታ ምን እንደሚመስል ገጠር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ጭቃ ነው። ዳር ዳሩ ሣር ያበቅላል። የአህያ ኮቴ ይሞላዋል፤ ንብ አይጠፋበትም። እዚህ ግን መሬቱ ተሰነጣጥቋል። በማፍሰሻው ቦይ ውስጥ አቧራ ተጋግሯል። የዚያን ቀን ውሃ አቧራውን ከፊቱ እየገፋ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይታያል። ሰውዬው ቀና አሉና "እባክህ፣ ሴትየዋ ያሉትን እንዳሉት ንገረኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ቦቴውንም፣ ኢንቨርተሩንም፣ ደብዳቤውንም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ እናትየው ዞሩና "እኔን መጠየቅ የሚፈልጉት ነገር ካለ ጠይቅልኝ" አሉ። እናትየው አላመነቱም። "ገንዘቡ የእናንተ ነው ብለውናል። ታዲያ ፓምፑ ሲቆም ለምን አልነገሯችሁም? ገንዘቡስ የት ደረሰ?"

ይሄን ስተረጉም ድምፄ ተያዘ። ጠዋት መኪና ውስጥ የሰማሁት ጥያቄ ነበር። ያኔ የስስት ጥያቄ መስሎኝ ነበር። አሁን በጀሪካን ውሃ ተሸክመው ሽቅብ ከሚወጡ እናት አፍ ሰማሁት። ሁለቱም ጠያቂዎች እውነት አላቸው። መሃል ቆመን መልሱን የደበቅነው እኛ ነን።

ማታ ሰቆጣ ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነዳጁን፣ የሆቴሉን፣ የቦቴውንና የአበሉን ወጪ ደመርኩት። ኢንቨርተሩን ከነመግጠሚያው ገዝቶ ይተርፍ ነበር። እንደተመለስን ሪፖርቱ ታረመ። ፓምፑም ከቢሮ ወጪ በተቀነሰ ገንዘብ በሦስት ሳምንት ተጠገነ። አለቃዬ ለረጅም ጊዜ አኮረፈኝ።

ዛሬ የዚህ ገንዘብ ክርክር ከያኔውም ብሷል። የ100 ቢሊዮኑ ቃል የተሞላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከመንግሥታት ከመጣው ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ብድር ነው። ባኩ ላይ በ2024 በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ታዳጊ አገሮች በዓመት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ጠይቀው ነበር። ሀብታሞቹ በ2035 ወደ 300 ቢሊዮን ለማድረስ ነው የተስማሙት። በ2025 ዩኤስኤድ ተዘጋ። ብሪታንያም የውጭ እርዳታዋን በ2027 ከብሔራዊ ገቢዋ ወደ 0.3 በመቶ ዝቅ እንደምታደርግ አስታወቀች። ምሳ ላይ ባልደረቦቼ ይህን እያነሱ ይበግናሉ። እኔም እበግናለሁ፤ ያልበደለ ሰው ዕዳ እየከፈለ ነውና። ግን አንዱ "እንዴት እንዳወጣነው እነሱን ምን አገባቸው?" ሲል ዝም አልልም። የዚያን ቦይ አቧራ እነግረዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2027 ታላቁ የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እንግዶቹ ከአዳራሽ ወጥተው ሥራ ላይ ያለውንም የቆመውንም ቦኖ እንዲያዩ አጥብቄ እመኛለሁ።

እኔ አሁን ፕሮፖዛል ስጽፍ የጥገናውን በጀት ሳልይዝ ወደ ግንባታው አላልፍም። ወር በገባ ቁጥር ደግሞ ለየውሃ ኮሚቴው ራሴ እደውላለሁ። ፓምፑ ይሠራል ወይ ብዬ አልጠይቅም። "የቦኖው ሥር እንዴት ነው?" ነው የምለው። ባለፈው አንዱ የኮሚቴ ገንዘብ ያዥ "ኧረ ጭቃው አስቸገረን፣ ትናንት አህያ አዳልጦት ወደቀ፣ ጠጠር ላኩልን" አለኝ። ጠጠሩን በዚያው ሳምንት ላክንለት።