በየካቲት ወደ ኒዬሪ

ወደ ኬንያዋ ኒዬሪ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ ናይሮቢ ሪቨር ሮድ አጠገብ ገና ሳይነሳ ከረዳቱ ጋር ተጣላን። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ 600 ሽልንግ ከፈለች፤ እኔን 1000 አለኝ። "ለምን?" ስለው ሻንጣዬን አሳየኝ። ሻንጣው ደግሞ ጭኔ ላይ ነው። ልጅቷ በስዋሂሊ ተቆጣችልኝና 200 መለሰ። የቀረችው 200 እስከ ቲካ ድረስ ስታንገበግበኝ ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን ታክሲው ሙሉ ይጮህልኝ ነበር፤ እዚህ ሰው ዝም ብሎ መስኮት ያያል። ከቲካ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ካራቲና ገበያ ላይ ነቃሁ፤ ከዚያ ወዲያ ኒዬሪ ቅርብ ነው።

የሄድኩት ለዴዳን ኪማቲ፣ እንግሊዞችን ጫካ ገብቶ ለተዋጋው የማው ማው መሪ፣ ብዬ ነው። ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እንግሊዞች የኪኩዩ ሕዝብን ለም መሬት ለሰፋሪዎቻቸው ሰጡ፤ ባለመሬቱን የሰፋሪ እርሻ ላይ ጉልበት ሠራተኛ አደረጉት። ማው ማው የሚባለው የትጥቅ ትግል የተነሳው ከዚህ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1952 አገረ ገዢው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ፈረመ፤ ጆሞ ኬንያታና ጓደኞቹ ታሰሩ። ወጣቱ አበርዴርና ኬንያ ተራራ ጫካ ገባ። አራት ዓመት ከአንድ ቀን ቆይቶ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1956፣ ኪማቲ የነብር ቆዳ እንደለበሰ ከኒዬሪ ብዙም ሳይርቅ ጫካው ዳር ተመትቶ ተያዘ። የተፈረደበት እዚሁ ኒዬሪ ነው። ክሱ ሽጉጥና ጥይት ይዞ መገኘት ነበር። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 ናይሮቢ ካሚቲ እስር ቤት ሰቀሉት።

ይህን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 11 ሆነ። በማግስቱ የካቲት 12 ነው። አባቴ በዚያ ቀን ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ይወስደኝ ነበር፤ ግራዚያኒ ያስጨፈጨፋቸውን ሰዎች የሚያሳየውን ቅርጽ ጣቱን እየዘረጋ ያሳየኝ ነበር። ሁለቱ ቀኖች እንዲህ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ካወቅሁ ወዲህ ኒዬሪን ሳላይ መቅረት አልሆነልኝም።

ሌሊቱ ክፉ ነበር። ሆቴሉ ከሥሩ ባር አለው፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድግዳውን ይደልቀዋል። ብርድ ልብሱ ስስ ነው። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ አጥንት ይገባል። እነዚያ ልጆች ከዚህ በላይ ከፍ ባለው ጫካ፣ በዝናብ፣ እሳት ማንደድ እየፈሩ ዓመታት እንዴት እንዳሳለፉ እያሰብኩ ነጋልኝ።

ጠዋት መጀመሪያ ያየሁት የኪማቲን አይደለም፤ የቤደን ፓወልን መቃብር ነው። የስካውት መሥራቹ እንግሊዛዊ በ1941 ሞቶ ያረፈው እዚህ ነው። ሣሩ የታጨደ፣ ድንጋዩ የነጣ፣ ምልክቱ የጠራ። ለሟቹ ክፉ አልመኝም። ግን ኪማቲ መቃብር የለውም። ካሚቲ ግቢ ውስጥ የሆነ ቦታ ያለምልክት ቀበሩት። ባለቤቱ ሙካሚ አፅሙን ስጡኝ ስትል ኖራ በ2023 ሞተች፤ ሳትቀብረው። ነጻነት በ1963 መጥቶ እንኳ ማው ማው በሕግ የታገደ ድርጅት እንደሆነ ቆየ፤ እገዳው የተነሳው በ2003 ነው። እዚያ ቆሜ በጣም ተናደድኩ። አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል።

መሃል ከተማ ዋናው መንገድ ላይ ለነጻነት ሲታገሉ ለሞቱ ኪኩዩዎች የቆመ ሐውልት አለ። ፎቶ ሳነሳ አንድ ሽማግሌ "ከየት ነህ ልጄ?" አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ፊታቸው በራ። አባታቸው በ1941 ጣሊያንን ሲያስወጡ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሹፌር ሆነው ጎንደር ደርሰው ነበር። እጄን ይዘው ሻይ ቤት አስገቡኝ፤ ወተት የበዛበት ሻይና ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ አዘዙ። ሂሳቡንም እምቢ ብለው እሳቸው ከፈሉ።

"አባቴ ከጦርነት ሲመለስ መሬት አላገኘም። ጫካ ገባ" አሉኝ። እናታቸውን ከነልጆቻቸው ወታደር አስወጥቶ የታጠረ መንደር አስገባቸው። ከ1954 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኪኩዩ እንደዚያ ሰፍሯል። በመንደሩ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ አለ፤ ውስጡ የተሾለ ቀርከሃ ተተክሎበታል። ቦዩን የቆፈሩት ሴቶቹ ናቸው። ሽማግሌው ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀምጠው እናታቸው አፈር በቅርጫት ሲያወጡ ያያሉ። ከላይ ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቀው ደግሞ የአባታቸው ወንድም ነው። ሆምጋርድ፤ ለእንግሊዝ ያደረ የኪኩዩ ጠባቂ።

"ባንዳ" አልኩ ሳላስበው በአማርኛ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "አዎ። ግን እሱ ባይኖር በረሃብ እንሞት ነበር፤ ማታ ማታ ዱቄት ያቀብለን ነበር" አሉ። አባታቸው ከእስር ካምፕ ሲመለሱ ግን መሬቱ አዲስ ተሸንሽኖ፣ ለእንግሊዝ ታማኝ ለነበሩት ሰፍቶ ነበር የጠበቃቸው። የአጎታቸው ልጆች ዛሬም ቡናቸውን የሚለቅሙት እዚያው መሬት ላይ ነው። "ጎረቤታሞች ነን፤ ሠርግ እንጠራራለን" አሉኝ።

ናይሮቢ ስመለስ የማው ማው ሐውልት ያለበት ኡሁሩ ፓርክ ገባሁ። በ2013 እንግሊዝ በካምፖቹ ለተፈጸመው ግፍ ማዘኗን ገልጻ ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማች፤ ሐውልቱ የቆመው ከዚያ በኋላ በ2015 ነው። አንዲት ሴት ለአርበኛው ምግብ ታቀብላለች፤ ፊታቸውን ግን አዙረዋል። ከተያዙ አንዱ ሌላውን መለየት እንዳይችል ነው። ናይሮቢ የምትኖሩ ካላችሁ እዩት፤ ከኪማቲ ጎዳናው ሐውልት በእግር የሚደረስ ነው። ኒዬሪም ከሄዳችሁ ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ ማታቱ ላይ ደግሞ ዋጋውን ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ።