የተዳፈነ እሳት፦ ቲቢን ከአያቴ ጋር የተማርኩበት 6 ወር

11ኛ ክፍል እያለሁ የአራቱን የቲቢ መድኃኒቶች ስም በቃሌ እወጣው ነበር። ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ከክፍል ትምህርቱ ውጪ ስለ በሽታና ሕክምና ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀበና በእግሬ ወደ አራት ኪሎ ወጥቼ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እውላለሁ። ደብተሬ በእንግሊዝኛ ቃላት ጢም ብሏል። እና አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር።

ከዚያ እቴቴ የምላትን አያቴን ሳል ያዛት። ሁለት ሳምንት አልፎም አልለቅ ሲላት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አክታዋ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ታየ። ቲቢ ነው። ደግነቱ መድኃኒት የተላመደው ዓይነት አልነበረም። ለ2 ወር አራቱንም መድኃኒት፣ ቀጥሎ ለ4 ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድን ትወስዳለች ተባለ። የ4 ዓመቱ ወንድሜም ተመርምሮ መከላከያ መድኃኒት ተጀመረለት።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት እቴቴ ከአልጋዋ አልነሳም አለች። ሽንቷ ቀይ ሆኗል። «ኩላሊቴን ሊጨርሰው ነው፣ ደም እየሸናሁ አልውጥም» አለች። እኔም ደነገጥኩ። እየሮጥኩ ሄጄ ሲስተርን ጠየቅኳት። ሪፋምፒሲን ራሱ ቀይ ነው፤ በሽንት፣ በላብ፣ በእንባ ሲወጣ ያቀላዋል እንጂ ደም አይደለም አለችኝ። ለእቴቴም የመጀመሪያው ቀን ነግራት ነበር። ግን ቲቢ አለብሽ የተባለ ሰው በዚያች ሰዓት ምን ይሰማል? ያናደደኝ የራሴ ነገር ነው። ስሙን ስሸመድድ ከርሜ፣ መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ የት እንደሚሄድ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ዋናው ፈተና የመጣው በሁለተኛው ወር ነው። ሳሉ ጠፋ፣ እህል ይበላላት ጀመር፣ ፊቷ ተመለሰ። «ድኛለሁ እኮ፣ ለምንድነው የምውጠው?» አለችኝ። ስለ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ባክቴሪያው መድኃኒት ስለመላመዱ፣ ማውራት ጀመርኩ። ዝም ብላ አየችኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር እንኳ በአማርኛ መጨረስ አቃተኝ። ያን ቀን ነው ያልገባኝ መሆኑ የገባኝ።

ቅዳሜ አብርሆት ሄጄ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በደብተሬ ግራ ገጽ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ ገጽ ለእቴቴ እንደምነግራት አድርጌ አማርኛውን እጽፋለሁ። ቀኙ ባዶ ከሆነ አላውቀውም ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቀኙ ገጽ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

ቀስ በቀስ ግን ሞላ። ሌላው ባክቴሪያ፣ ለምሳሌ ኢ. ኮላይ፣ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። የቲቢው ግን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ መራባቱን ትቶ ያደፍጣል። መድኃኒቶቹ በደንብ የሚገድሉት የሚራባውን ነው፤ ያደፈጠው ይተርፋል። ይህን ስነግራት እቴቴ አቋረጠችኝ። «ተዳፍኖ ነዋ!» አለች። በልጅነቷ ማታ ፍሙን አመድ ያለብሱታል። ሲያዩት የጠፋ ይመስላል። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ይቀጣጠላል። እኔ በሁለት ገጽ ያልቻልኩትን በአንድ ቃል ጨረሰችው። ቃሉን በቀኝ ገጽ በትልቁ ጻፍኩት።

ለምን አራት መድኃኒት የሚለውን በቁጥር ነው የተረዳሁት። ከ1 ሚሊዮን የቲቢ ባክቴሪያ አንዱ ገደማ በተፈጥሮው አይሶናያዚድን ይቋቋማል። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ከ100 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚቋቋም ለማግኘት ሁለቱን ማባዛት ነው፤ ከ100 ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። ይህን ያህል ባክቴሪያ ደግሞ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ብቻውን ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፣ ብዙ ሕመምተኞች ተሽሏቸው እንደገና የወደቁት እሱን የሚቋቋሙት ጥቂቶች ተርፈው ስለበዙ ነው። የሒሳብ መምህራችን ፕሮባቢሊቲን ሲያስተምሩ ስለ ሳንቲም ነበር የሚያወሩት። እኔ አሁን ሳስበው የሚመጣልኝ የአያቴ ሳንባ ነው።

አንዱ ሲገባኝ ሌላው ተከተለ። ባክቴሪያው ሰም የለበሰ ነው፤ አይሶናያዚድ ያንን ሰም እንዳይሠራ ያግደዋል። ሪፋምፒሲን አር ኤን ኤ የሚባለውን የጂን ቅጂ የሚሠራውን ኢንዛይም ይይዛል። ጂን ኤክስፐርትም የሚፈትሸው የዚያኑ ኢንዛይም ጂን ነው፤ ጂኑ ከተለወጠ መድኃኒቱ አይሠራም። ጄኔቲክስን በአንድ ምዕራፍ፣ ባክቴሪያን በሌላ ምዕራፍ ነበር ያጠናሁት። አንድ ነገር መሆናቸውን ያየሁት በአንዲት የአክታ ዕቃ ነው።

እቴቴ ስድስቱንም ወር አንድ ቀን ሳታዛንፍ ጨረሰች። በመጨረሻው ቀን አብሬያት ሄድኩ። አግዳሚው ላይ አንድ ወጣት ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ፣ አዲስ የተሰጠውን ኪኒን በእጁ ይዞ ተቀምጧል። እቴቴ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። ትከሻውን ነካ አድርጋ «ሽንትህ ይቀላል ልጄ፣ እንዳትደነግጥ» አለችው።