ጉንፋን ሲይዘኝ የሚመጣብኝን ነስር እንዴት እንዳስቆምኩት

ጉንፋን ሲይዘኝ ሶፍቱ ላይ ትንሽ ደም ማየት ለምጄዋለሁ፣ ትታይና ትጠፋለች። ያኛው ግን ሌላ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ አፍንጫዬ ድፍን ብሎ አልከፈት ሲለኝ ባለ በሌለ ኃይሌ ተናፈጥኩ፣ ወዲያው በቀኝ በኩል ሙቅ ነገር ወረደ፣ እጄን ሳየው ደም በደም። እህቴ ሮጣ መጥታ "ቀና በል ቀና በል" አለችኝ፣ እኔም ቀና ብዬ አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። የቆመ መስሎን ነበር፣ ለካ ደሙ በጉሮሮዬ እየወረደ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠቆር ያለ ነገር ሲያስመልሰኝ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር የፈነዳ መስሎን ሁለታችንም ክው አልን። የዋጥኩት ደም ነበር፣ ደም ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል።

ከዛ በኋላ ያደረግኩት ደግሞ የባሰ ነው። ሶፍት ጠቅልዬ አፍንጫዬ ውስጥ እጠቀጥቅና ደሙ ሲቆም እስበዋለሁ፣ ሶፍቱ ከደረቀው ደም ጋር ተጣብቆ ስለሚወጣ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ እያልኩ በአምስት ቀን ውስጥ ሰባቴ ነሰረኝ። እያንዳንዱን ጊዜ እንደ አዲስ ነገር ነበር የማየው፣ ደሜ ላይ የሆነ ችግር አለ፣ ግፊት ይሆናል፣ ብቻ ያላሰብኩት የለም።

የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ስሄድ በመብራት አየችኝና "ሰባት ጊዜ አይደለም የደማኸው፣ አንዷ ቁስል ናት ሰባቴ የተከፈተችው" አለችኝ። እውነቴን ነው ይቺ አንድ አረፍተ ነገር ሁሉንም ነገር ገለጠችልኝ። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳ የሚለየው ግድግዳ ፊት ለፊት ላይ፣ ጣት የሚደርስበት ቦታ፣ ብዙ ቀጫጭን የደም ስሮች የሚገናኙበት ስፍራ አለ፣ ላያቸው ላይ ያለው ሽፋን በጣም ስስ ነው። አብዛኛው ነስር የሚመጣው ከዚች ቦታ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቫይረሱ ሽፋኑን ያስቆጣዋል፣ ደም ስሮቹ ይሰፋሉ፣ እኛ ደግሞ በላዩ ላይ ስንናፈጥ ስንጠርግ ስንጎረጉር እንውላለን። ማታ አፍንጫ ስለታፈነ በአፍ እየተነፈስን እናድራለን፣ ንፍጡ እዛው ይደርቅና ጠዋት ቅርፊት ሆኖ ይጠብቀናል፣ ያንን ቅርፊት ስናነሳ ደም ይመጣል።

ከዛ "ሲነስርህ አፍንጫህን ስንት ደቂቃ ትይዘዋለህ?" አለችኝ። እኔ እንጃ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይዤ ቆመ አልቆመ ብዬ አያለሁ አልኳት። ዋናው ጥፋቴ ይሄ ነበር። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፣ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ወደ ፊት ትንሽ ጎንበስ እላለሁ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል እይዛለሁ (አጥንቱን አይደለም፣ አጥንቱን መያዝ ምንም አይጠቅምም እኔ ደግሞ ለዓመታት የምይዘው እሱን ነበር)፣ በአፌ እየተነፈስኩ አፌ ውስጥ የመጣውን ደም እተፋለሁ። እና ሰዓት እያየሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳልለቅ። በመሃል ለማየት ለቀቅ ካደረግከው መርጋት የጀመረው ደም ይነቀልና ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። አስር ደቂቃ አፍንጫህን ይዘህ ስትቀመጥ በጣም ረጅም ነው፣ ስልኬ ላይ ደቂቃ ካልሞላሁ በስተቀር ሦስተኛዋ ደቂቃ ላይ አስር የሞላ ይመስለኛል።

ከቆመ በኋላ ያለው ቀን ከመቆሙ እኩል ከባድ ነው። ለ24 ሰዓት ያህል አልናፈጥም፣ ማስነጠስ ከመጣብኝ አፌን ከፍቼ ነው፣ ከባድ ነገር አላነሳም። ከዛ በኋላም በአንዴ በአንድ ቀዳዳ ቀስ አድርጌ ነው የምናፈጠው። በቀን ሁለት ሦስቴ የጨው ውሃ ስፕሬይ እነፋለሁ፣ ማታ ቫዝሊን ስስ አድርጌ የቀዳዳው መግቢያ ላይ እቀባለሁ። ቁስሏ እስክትድን አንድ ሁለት ሳምንት ትፈልጋለች፣ ጉንፋኑ ለቀቀኝ ብሎ መተው አይደለም።

መድሃኒትም አለበት። ለራስ ምታቱ አይቡፕሮፌን ነበር የምወስደው፣ እሱም አስፕሪንም ደም እንዳይረጋ ያዳክማሉ፣ ፓራሲታሞል ግን እንዲህ አያደርግም፣ ስለዚህ ቀየርኩ። (ሐኪም ያዘዘላችሁን አስፕሪን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ጠይቁ።) አፍንጫ የሚከፍተውን ስፕሬይ ደግሞ ከሦስት ቀን በላይ አልጠቀምም፣ ሲበዛ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል።

እቤት የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ሳይለቁ በደንብ ይዘውት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ካላቆመ፣ ደሙ በጣም ከበዛ ወይ በጉሮሮ አልቋረጥ ካለ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከመጣ፣ ካዞረ ወይ ለመተንፈስ ካስቸገረ ድንገተኛ ክፍል ነው። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ይሄን ሁሉ ባይጠብቅ ይሻላል። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነም መታየት ነው፣ ደም ስሯን በመድሃኒት ነካ አድርገው የሚዘጉበት መንገድ አለ፣ እኔ ሳያስፈልገኝ ቀረ።

ከዛ ወዲህ ሁለቴ ጉንፋን ይዞኛል። በመጀመሪያው አንድ ቀን ጠዋት ነሰረኝ፣ እህቴ አሁንም "ቀና በል" ልትል ስትል በእጄ ምልክት ሰጥቻት ጎንበስ ብዬ 12 ደቂቃ ያዝኩት፣ ቆመ፣ አልተመለሰም። በሁለተኛው ሶፍቱ ላይ ቀይ ነገር እንኳን አላየሁም።