የአዌቱ ዳር ጎመንና ጥቁሩ ዱቄት

የሰፈራችን ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው ጎረቤቴ ሁለት መሬት አላቸው። አንዱ ከጅማ ወጣ ብሎ አኩሪ አተር የሚዘሩበት ማሳ ነው፤ ሌላው ከጋራዦቹ በታች፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ያለ የጎመንና የቆስጣ መደብ። የልማት ሠራተኛው ባመጣላቸው ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ባክቴሪያ ባለበት ጥቁር ዱቄት፣ አኩሪ አተሩ አምሮላቸው ኖሮ፣ «ያንን ጥቁር ዱቄት ለጎመኔም ፈልግልኝ» ብለው ያዙኝ። አፈር ተምሬአለሁና የአፈር ጣጣ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

እምቢ አልኳቸው፤ ከጋራዦቹ የሚወርድ ብክለት መደቡን ነክቶት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ምክንያቱን ማስረዳት ግን ከአቦል እስከ በረካ ፈጀ።

ስለ ዱቄቱ አጠቃቀም እሳቸው ለእኔም ይተርፋሉ። ዘሩን በስኳር ውሃ አርሰው፣ ጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር ለውሰው፣ ፀሐይ ሳያገኘው አፈር ያለብሱታል። ሲያብብ አንድ እግር ነቅለው አሳይተውኛል። ሥሩ ላይ ከተደረደሩት እባጮች አንዱን በጥፍራቸው ሲሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ነበር፤ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቢሆን ሥራ ፈት ነው። ይህ ዓይነቱ ባክቴሪያ ግን ወዳጅነቱ ከጥራጥሬ ጋር ነው፤ ጎመን ሥር ላይ እባጭ አይሠራም።

ለጎመን የሚሆኑ ሌሎች አሉ። ከሱዶሞናስና ከባሲለስ ወገን የሆኑ ብዙ ባክቴሪያዎች ሥር ዙሪያ ይኖራሉ። እንደ ካድሚየም፣ እርሳስ (ሊድ) ወይም ኒኬል ያሉ ከባድ ብረቶች በበዙበት አፈር ተክሉ ሲጨነቅ ኤቲሊን ያመነጫል፤ ሙዝ የሚያበስለው ያው ጋዝ ነው። ሲበዛ ሥሩን ያቀጭጨዋል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ኤቲሊን የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ቀድመው ይበሉታል፤ ተክሉም ፋታ ያገኛል።

እስከዚህ ድረስ እማማ ፊታቸው በርቶ ነበር። ከዚያ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ያሳተሙትን ነገርኳቸው። የጎመን ዘመድ የሆነውን ካኖላ ክሉይቬራ ከተባለ ባክቴሪያ ጋር ኒኬል ባለበት አበቀሉት። ቡቃያው ባክቴሪያ ካላገኘው ይልቅ ደህና አደገ። በውስጡ ያለው ኒኬል ሲለካ ግን አልቀነሰም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የተበከለ መሬት ላይ የቀጨጨ ቢጫ ጎመን ገበያ ላይ ማንም አይነካውም፤ የለመለመውን ግን ሁሉም ይሻማበታል። ባክቴሪያ የፈሰሰ ዘይት በልቶ ሊያጠፋ ይችላል፣ እርሳስን ግን አያጠፋም፤ ብረት አይበሰብስም። አንዳንዱ ባክቴሪያ ብረቱን ከራሱ ላይ አጣብቆ ያስቀረዋል፣ መርዘኛውን የክሮሚየም ዓይነት ወደ ቀለል ያለው የሚለውጥም አለ። ሌላው ደግሞ አሲድ አመንጭቶ ብረቱን ያሟሟና ለሥሩ ያቀርበዋል። በዚያ ላይ የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ አሲዳማ አፈር ውስጥ ካድሚየም በቀላሉ ይንቀሳቀሳል፣ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከፍራፍሬ ይልቅ ይሰበስበዋል። አሲዱን የሚያበርደው ኖራ ከዱቄቱ በፊት መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

«እስከ ዛሬ የበላነውስ?» አሉኝ።

መሬቱ ሳይለካ ንጹሕ ነው ወይም መርዝ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከመደቡ ከተለያየ ቦታ አፈር ወስደን፣ ደባልቀን፣ ለምርመራ እንድንልክ ተስማማን። ለማዳበሪያ ተብሎ የሚደረገው የተለመደ የአፈር ምርመራ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን እንጂ እርሳስን አይነግርም፤ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውጤቱ እስኪመጣ ጎመንና ቆስጣው ወደ አኩሪ አተሩ ማሳ ጥግ ይዛወራል።

ለወንዙ ዳር የመከርኳቸው ቬቲቨር ሣር ነው። ብረት የበዛበትን አፈር ይችላል፣ የሚወስደውንም አብዛኛውን ሥሩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ ባክቴሪያም ቢጨመርለት የሚበላው ሰው የለም። ለጣሪያ ክዳንና ለገመድ ይሆናል ስላቸው ወዲያው ዋጋውን ማስላት ጀመሩ። ለላሚቱ እንዳይሰጡ ግን አስምያቸዋለሁ።