ለዞርኪ ካሜራዬ ርካሽ የሶቪየት ሌንሶችን የገዛሁበት መንገድ

ዞርኪ-4 ለሚባለው የሶቪየት ፊልም ካሜራዬ ሌንሶች የሰበሰብኩት እዚሁ በርሊን፣ እሁድ እሁድ ማወርፓርክ ከሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያና በኢንተርኔት ከሚሸጡ የዩክሬን ነጋዴዎች ነው። የሁሉም ዋጋ ቢደመር ላይካ ለተባለው ውድ የጀርመን ካሜራ የሚሆን አንድ ያገለገለ ጥሩ ሌንስ አይገዛም። ርካሽ የሆኑት ፋብሪካዎቹ በገፍ ስላመረቷቸው እንጂ መናኛ ስለሆኑ አይደለም። ለምሳሌ ጁፒተር-8 የሚባለው፣ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2 ሌንስ (ከኤፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲያንስ የብርሃን መግቢያው ይሰፋል)፣ ሉድቪግ በርተለ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካርል ዛይስ ለተባለው የጀርመን ኩባንያ ከነደፈው ዞናር ሌንስ የተቀዳ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች የጀርመኖቹን ንድፍና ማሽን በጦር ካሣነት ወስደው በራሳቸው ፋብሪካዎች መሥራት ቀጠሉ። የሰው ፊት ሳነሳበት ከኋላ ያለውን ነገር የሚያለሰልስበት ሁኔታ እስካሁን ይማርከኛል።

ችግሩ የአንዱ ጁፒተር-8 ሁኔታ ከሌላው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። በርካታ አሥርት ዓመታት ያስቆጠሩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ መሳቢያ ውስጥ በክብር ተቀምጦ ኖሯል፣ ሌላውን ደግሞ ማንም እየፈታ ገጥሞታል። ስለዚህ እኔ ስሙ ላይ ብዙም አልጨነቅም፤ የምመረምረው ፊቴ ያለውን ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ሻጮች «ኤም 39» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ሌንሶችን ነው። ሁለቱም ካሜራው ላይ የሚታሰሩበት ጥርስ 39 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ካሜራው ላይ ይጠብቃሉ። ይሁንና የዞርኪና ፌድ የተባለው ሌላው የሶቪየት ካሜራ ሌንስ የተሠራው ከፊልሙ 28.8 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲገጠም ነው፤ ዜኒት የሚባሉት የቀድሞዎቹ የሶቪየት ካሜራዎች ግን ውስጣቸው ምስሉን ወደ ዓይን የሚያንጸባርቅ መስታወት ስላለ ሌንሳቸው የሚርቀው 45.2 ሚሊ ሜትር ነው። የዜኒቱን ሌንስ ዞርኪ ላይ ብታስሩት ፎቶው ሁሉ ይደበዝዛል። ኢንዱስታር-50 በሁለቱም ዓይነት ስለተመረተ ስሙ አይለየውም። ለዞርኪ የሚሆነው ከጀርባው የካሜራውን ርቀት መለኪያ ክንድ የሚገፋ ለስላሳ ቀለበት አለው። ከሩቅ ስገዛ የጀርባውን ፎቶ ሳያሳየኝ ለማንም ነጋዴ አልከፍልም።

ቀጥሎ የእጅ ባትሪ ነው። የሌንሱን አፐርቸር፣ ማለትም የብርሃን መግቢያ ቀዳዳውን፣ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ከአንድ ወገን አበራና በሌላው ወገን ጋደል አድርጌ አያለሁ። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ምንም ቢሆን እመልሰዋለሁ። እንደ ጉም የሳሳ ነገር ከሆነ ብዙ ጊዜ ከውስጡ የተነነ ቅባት ስለሆነ በባለሙያ ይጸዳል፤ በዚህ ምክንያት ዋጋ አስቀንሳለሁ። ከፊት የሚታይ ስስ ጭረት ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ፎቶውን ያገረጣዋል። መስታወቱ ውስጥ ያሉ ትንንሽ አረፋዎች ግን በዚያ ዘመን የተለመዱ ናቸው፤ ጉዳት የላቸውም። የአፐርቸሩ ስለቶች ዘይት ቢነካቸውም አልደነግጥም፤ የሚዞሩት በእጅ ስለሆነ ዘይቱ አያዘገያቸውም።

ከዚያ ፎከሱን አዞራለሁ። የድሮው ግራሶ ደርቆ ከሆነ ቀለበቱ ይከብዳል፤ ሲብስም ፎከስ አደርጋለሁ ስትሉ ሌንሱ ራሱ ከካሜራው ይፈታል። ይህ በአዲስ ግራሶ ይስተካከላል። የቪቴዎቹ ራስ ተላልጦ ሳይ ግን እጠነቀቃለሁ። ጁፒተሮች ውስጥ ፎከሱን የሚያስተካክል ስስ ቀለበት አለ፤ የፈታው ሰው ያን ከጣለው ወይም ከቀየረው ሌንሱ በየትኛውም ርቀት ይስታል።

ቤት ስገባ መጽሐፎችን ሰያፍ ደርድሬ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት መካከለኛው ላይ ፎከስ አድርጌ በኤፍ 2 አነሳለሁ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ጥርት ያለው ያ መጽሐፍ ከሆነ ሌንሱ ይቀራል። ሙከራው በራሳችሁ ካሜራ ላይ መሆን አለበት። 50 ሚሊ ሜትር ይባሉ እንጂ የሶቪየት ሌንሶች የተሠሩበት ትክክለኛ ልክ (የትኩረት ርዝመት) 52.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን የላይካ 51.6 ነው፤ ዞርኪ ላይ የተዋጣለት ጁፒተር ላይካ ላይ በቅርብ ርቀትና በሰፊ አፐርቸር ፎከሱን ሊስት ይችላል።

ለመጀመር ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ኢንዱስታር-61ን ይግዛ። 55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ነው፤ ላንታነም የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት መስታወቱ በጣም ጥርት አድርጎ ያነሳል፣ ዋጋውም ከጁፒተር-8 ያንሳል። ሁለቱም 40.5 ሚሊ ሜትር ፊልተር ይጋራሉ። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የተማረ አጎት ወይም አክስት ያላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ቁም ሣጥናቸውን አስፈትሹ፤ ካሜራ ይዘው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ሰፋ ያለ ፎቶ ለሚፈልግ ጁፒተር-12 አለ፣ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8። የኋላ መስታወቱ ያለ ምንም ከለላ ወደ ካሜራው ሆድ ጠልቆ ስለሚገባ በአንዳንድ ካሜራዎች አይገጠምም፤ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ካሜራ ሞክሩት፤ ጥልቅ የኋላ ክዳኑንም ሻጩ አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።