ደሴን ከላይ፣ ቦርከናን ተከትሎ ወደ ታች

ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በመኪና የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ደሴን ሳይነካ አያልፍም። ከመንገደኛው የሚበዛው ግን ወይ ምሳ ይበላባታል፣ ወይ አድሮባት ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ስለ ከተማዋ ሲጠየቅም «ብርዳም ናት፣ መንገዷ ጠባብ ነው፣ ቤቱ በቤት ላይ ነው» ይላል። አልዋሸም። ፒያሳ ላይ ለቆመ ሰው ደሴ የሱቅ፣ የባጃጅና የዳገት ከተማ ናት። ቀና ቢል በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ሰማዩን ከሁለት ወገን ቆርጠው በመካከል ያለውን ብቻ ይተዉለታል። ይህችን ከተማ ለማየት ከከተማዋ መውጣት የግድ ነው። እኔም መስከረም ሲገባደድ፣ ዝናቡ አባርቶ ምድሩ ገና ሳይደርቅ፣ የሄድኩት ለዚሁ ነበር።

ያረፍኩት ሰኞ ገበያ አቅራቢያ በሚገኝ አነስተኛ ሆቴል ነው። የሆቴሉ ዘበኛ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው አዛውንት ናቸው። ከየት ብጀምር እንደሚሻል ስጠይቃቸው አላመነቱም። «ልጄ፣ እንግዳ ሁሉ ጠዋት ጦሳን ይወጣል፤ ፀሐይዋ ዓይን ዓይኑን ስትወጋው አርፍዳ ምንም ሳያይ ይወርዳል። አንተ ጠዋት አዝዋ ገደል፣ ከአሥር ሰዓት ወዲያ ጦሳ ውጣ። ያኔ ፀሐይዋ ሁሌም ከጀርባህ ናት» አሉኝ። በየድረ ገጹ ስለ ደሴ ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር አላነበብኩም። መንገድ የሚያሳየኝንም እሳቸው ሰጡኝ፤ ቅዳሜ ስለነበር ትምህርት የሌለውን የልጅ ልጃቸውን።

አዝዋ ገደል ስንደርስ ከተማዋ አልነበረችም። ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር በጉም ተሞልቶ፣ ከማዶ የጦሳ አናት ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። የባጃጅ ጥሩምባ፣ የብረታ ብረት ሠራተኛ መዶሻ፣ የአንዲት እናት ልጅ መጥሪያ ድምፅ ግን ከጉሙ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደሴን ከማየቴ በፊት ሰማኋት ማለት እችላለሁ። «ጋሼ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ይነሣል» አለኝ ልጁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠን ከቤት የያዝነውን ዳቦ በላን።

ጉሙ የተነሣው ከሰሜን በኩል ነው። መጀመሪያ ጥቂት ቆርቆሮ አብለጨለጨ፣ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ መስመር ታየ፣ ከዚያ ከተማዋ በሙሉ ተገለጠች። ደሴ ክብ ከተማ አይደለችም፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋች፣ ወገቧ የቀጠነ ረጅም ከተማ ናት። ቦታ ሲያጥራት ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው የምታድገው፤ ቤቶቹ የጦሳን እግር እየረገጡ ወጥተዋል። ልጁ በጣቱ እያመለከተ ትምህርት ቤቱን፣ የሆጤን ሜዳ፣ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አሳየኝ። አዳራሹን ትናንት በቅርብ ሳየው ግርማው አስደንቆኝ ነበር፤ ከዚህ ላይ ግን ከሌላው ጣሪያ ለመለየት ተቸገርኩ።

ከማዶ ያለው የጦሳ ፊት ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ንብብሩ ይቆጠራል። ጥቁር ድንጋይ፣ በላዩ ሣር የያዘ እርከን፣ እንደገና ጥቁር ድንጋይ። ይህ የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የተሠራበት የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ እየፈሰሰ የተደራረበ። ኋላ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት የደጋው ምሥራቃዊ ጠርዝ ተሰነጣጥቆ በየደረጃው ቁልቁል ወረደ። ደሴም የተቀመጠችው ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ፣ በሁለት ስንጥቆች መካከል በሰመጠ ጎድጓዳ ስፍራ ነው። በምሥራቅ በኩል ጀርባዬን ዞር ብዬ ሳይ መሬቱ አሁንም መውረዱን አላቆመም፤ ሸንተረር ከሸንተረር ዝቅ እያለ ወደ አፋር ቆላ አቅጣጫ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። ከዚህ ወገን ብርድ፣ ከዚያ ወገን ቆላ፤ በአንድ ቦታ ቆሞ አንገትን ማዞር ብቻ ይበቃል። ለእኔ ከደሴ ዙሪያ ሁሉ የሚበልጠው ቦታ ይህ ነው። ለጦሳ ስም ያደላ ሰው ይቅር ይበለኝ።

የዚህ ውበት ዕዳ ግን የከተማዋ ነው። ከገደሎቹ ሥር የተከማቸው አፈርና ድንጋይ ልል ስለሆነ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። የመሬት መንሸራተት ለደሴ የቆየ ችግር ነው። ስንወርድ ያለፍንበት አንድ የድንጋይ አጥር ከላይ እስከ ታች እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍሎ ነበር፤ ባለቤቱ በጭቃ ደፍነውት እንደገና ተከፍቷል። «በየዓመቱ ነው የሚደፍኑት» አለኝ ልጁ፣ ስለ ጣሪያ ማፍሰስ እንደሚያወራ ሰው ምንም ሳይመስለው።

ጦሳን የወጣነው ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ ከዚያ አደይ አበባ የወረሰው ድንጋያማ ተዳፋት። ዳገቱ ለባለ ከተማ ሳንባ አይራራም፤ ልጁ በየመታጠፊያው እየቆመ የሚጠብቀኝ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው።

ከላይ ስንደርስ ዘበኛው እንዳሉት ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ከተማዋን አበራችልን። ሰሜኑን ስናይ ቦሩ ሜዳ አቅጣጫ ምድሩ ዘና ብሎ ይሰፋል፤ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚያ ነው። ይሁን እንጂ ጦሳ ላይ ልብ የሚይዘው ከተማዋም ታሪኩም አይደለም፤ ውሃው ነው። ተራራው የቆመበት ሸንተረር የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በምዕራብ በኩል፣ በገራዶ ወገን የሚወርደው ዝናብ በበሺሎ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ በህዳሴ ግድብ አልፎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይገባል። በምሥራቅ፣ በደሴ ወገን የሚወርደው ደግሞ ቦርከና ሆኖ ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አያውቅም፤ ጉዞው በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አንድ ደመና እዚህ አናት ላይ ሲበተን ግማሹ ባሕር ያያል፣ ግማሹ በረሃ ውስጥ ይቀራል። ይህን ለልጁ ስነግረው ጠርሙሱን ከፍቶ የተረፈችውን ውሃ ግማሹን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ አፈሰሰ። ከዚያ እስክንወርድ ድረስ ሁለታችንም ተጠማን።

ጥማታችንን የቆረጡልን ከተዳፋቱ ላይ ቤታቸው ያለ አንዲት እናት ናቸው። ቡና አቀራርበው ነበር፤ አልፎ ሂያጅን አለመጥራት በወሎ ነውር ነው። አቦሉን እየጠጣን ሳለ «ምን ጠፍቶባችሁ ነው የወጣችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ምንም አልጠፋብንም፣ እማማ። ደሴን ለማየት ነው።»

«ደሴማ ታች ናት!» አሉ፣ ከልባቸው አዝነውልን። ልጁ ስኒውን አስቀምጦ በሳቅ ፈረሰ። በረካውን ሳንጠጣ መነሣት አልተፈቀደልንም፤ ከተማ የገባነው መብራት ከበራ በኋላ ነው።

እሑድ ውሃውን ተከትዬ ለመውረድ ነበር ሐሳቤ። ቦርከና ከተማ ውስጥ የሚያኮራ ወንዝ አይደለም። ፌስታል፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ፍሳሽ ተሸክሞ በድልድዮች ሥር ያልፋል፤ ከላይ ከተራራው ንጹሕ ሆኖ የወረደን ውሃ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲህ ማድረግ ያሳፍራል። ከተማዋን ለቅቆ ዶሮ መዝለያ ሲደርስ ግን ጠባዩ ይለወጣል። የደሴ ጎድጓዳ ስፍራ ያጠራቀመውን ውሃ ሁሉ የሚያስወጣው በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ ሸለቆው እንደ ጀበና አንገት ድንገት ይጠብብና ወንዙም አውራ ጎዳናውም ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ያልፋሉ። ሚኒባሱን አስቁሜ ወረድኩ። ረዳቱ «እዚህ ምን አለ?» እያለ ሂሳቤን መለሰልኝ።

ያለው ነገር ድንጋይ ነው። ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከውሃ መስመሩ በላይ በድንጋይ ሽበት የተሸፈነ ጥቁር ድንጋይ። ወንዙ በዘመናት ብዛት ዓለቱን እየቆረጠ ባያልፍ ኖሮ ደሴ ዛሬ ከተማ ሳትሆን ሐይቅ ትሆን ነበር ብዬ አሰብኩ፤ በዚህ አካባቢ መውጫ ያጣ ውሃ ሐይቅ መሆኑ ብርቅ አይደለምና። ቦታው ደረት ለደረት ከድንጋይ ጋር ስለሚያገናኝ የአዝዋ ገደልን ስፋት ላየ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ከገደሉ ሳይሆን ከመኪናው ነው፤ የእግረኛ መቆሚያ የሚባል ነገር የለም፣ የጭነት መኪናዎቹም ማንንም አይጠብቁም።

ከዚያ በኋላ ሐረጎ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ቁልቁለት የሚራገፈው በአመዛኙ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ደጋግመው የተመላለሱበት ሾፌሮች በአንድ እጃቸው እየነዱ ያወራሉ፤ ተሳፋሪው ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ግን መታጠፊያዎቹ ላይ ሸለቆው በየተራ በግራም በቀኝም መስኮት ስለሚመጣ የትኛው ወንበር ይሻላል የሚለው ጥያቄ እዚህ አይሠራም እላለሁ። ከደሴ ስነሣ የለበስኩትን ሹራብ ግማሽ መንገድ ላይ አወለቅኩ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ባሕር ዛፉ ለግራር ቦታውን ለቅቋል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ሰፊ ሜዳ ያላት ከተማ ናት፤ እንደ ደሴ ተራራ አያስጨንቃትም። ቦርከናም እዚህ ሲደርስ ረጋ ብሎ በሜዳው መካከል ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ያቀናል። ከከተማዋ በላይ ያለው የጎፍ ተራራ የጥድና የወይራ ደን ከተረፈባቸው ጥቂት የወሎ ቦታዎች አንዱ ነው። ብዙ አልወጣሁም፤ ጉልበቴ ጦሳ ላይ ቀርቶ ነበር። የደረስኩባት የደን ዳርቻ ግን በቂ ነበረች፤ ከሁለት ቀን የባሕር ዛፍ ጥላ በኋላ የወይራ ጥላ ሥር መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። መሬቱ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ ሥር ሣር አለ፣ ወፉም ዓይነቱ ይበዛል። አንድ ደን ጠባቂ መጥተው ሲጋራ እንዳልለኮስ አስጠነቀቁኝ፤ እንደማላጨስ ስነግራቸው አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ።

ወደ ከተማ ስመለስ መናኸሪያው ለነገ የሚሰናዱ ነጋዴዎች ሞልተውበት ነበር። ማግስቱ ሰኞ፣ የባቲ ገበያ ቀን ነው። ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ባቲና ሚሌ ወርዶ አፋር ይገባል። የሚኒባሱ ረዳት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካልመጣሁ ወንበር እንደማላገኝ አስጠንቅቆኝ ስሜን በወረቀት ላይ ጻፈ።