ከዶሮ ማነቂያ ለተበተናችሁ ወዳጆቼ

እንኳን ለ2017 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ዘመነ ዮሐንስ ወጥቶ ዘመነ ማቴዎስ ገባ። ማለዳ ልጆች የሣሉትን አበባ ይዘው በሬን ሲያንኳኩ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ልቤ እትዬ ቤት ሄደ።

የአዲስ አበባ ፒያሳው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በመጋቢት 2016 ሲፈርስ አብሮ የፈረሰው ጠጅ ቤት ሰሌዳ እንኳ አልነበረውም። «እትዬ ቤት» ካልን ይበቃን ነበር። ጠጅ ድሮ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ እትዬ ቤት ግን ሊስትሮውና ጡረተኛው ሻለቃ ባንድ አግዳሚ ወንበር ተጠጋግተው ብርሌ ይጨብጡ ነበር። እትዬ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ በጥብጠው፣ ጌሾውን ራሳቸው መርጠው ነበር የሚጥሉት። ስኳር ጨምሩበት ያላቸውን ሰው አንድ ቀን ከደጅ መልሰውታል።

እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። ዱቤ የሚይዙት ከጓዳው በር ጎን፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ነው። ለአናጺው መዶሻ፣ ለአዝማሪው ማሲንቆ፣ ለአባቴ መነጽር ሥለው ነበር፤ ከሥዕሉ ጎን አንድ ጭረት አንድ ብርሌ ነው። አባቴ ሲያርፍ ከመነጽሩ ጎን ሰባት ጭረት ነበር። ከአርባው በኋላ ልከፍል ብሄድ አልተቀበሉኝም።

«ተወው ልጄ፣ እዚያው ይቆይ። ዕዳ ያለበት ሰው ደጁን አይረሳም» አሉኝ።

በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ግድግዳው ኖራ ሲቀባ ያቺን ጥግ አያስነኩም ነበር።

አናጺው ወንድሜ፣ ቤቱ ሊፈርስ ሲል ያን ግድግዳ ፎቶ አንስተህ ስለላክህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንተም ማሲንቆህን ሰቅለህ በአባቴ ለቅሶ ሦስቱንም ሌሊት ያልተለየኸኝ፣ ዓመቱ የጤና ይሁንልህ።

ሌሎቻችሁን ግን እወቅሳለሁ። እትዬ ዛሬ ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ጋን በወይራ የሚያጥኑበት ግቢ ስለሌላቸው ጠጅ ከጣሉ ስድስት ወር ሆናቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የጠየቃቸው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ስንቶቻችንን በዱቤ አጠጥተው፣ ስንቶቻችንን አስታርቀው ነበር! ዛሬውኑ ደውሉላቸው።

እኔ ከሰዓት በኋላ ሁለት ኪሎ ማር ይዤ እሄዳለሁ። ጠጅ ባይሆን ብርዝ እንጠጣለን። የአባቴን ሰባት ብርሌ ግን ዛሬም አልከፍልም።